መኪኖች ደጃችን ይቆሙ በነበረ ጊዜ

ሰው ስለ መኪና ኮምፒውተር ሲያወራ ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ዛሬ ሚዛን ውስጥ ወጣቶቹ ላፕቶፕ ይዘው፣ ኮፈን ከፍተው፣ ሽቦ ሰክተው የመኪናውን ሳጥን ሲመረምሩና እንደገና ሲያስተካክሉ አያለሁ። ጎበዞች ናቸው፤ አልክድም። «ይሄ አዲስ ሙያ ነው፤ ድሮ እዚህ አገር ማንም አያውቀውም ነበር» ሲሉኝ ግን ደሜ ይፈላል። ይታወቅ ነበር። እኛ ቤት ይታወቅ ነበር፤ ወንድሜንም የወሰደብን እሱ ነው።

በደርግ ጊዜ ቤታችን ከሚዛን ተፈሪ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አባታችን ገና ልጆች ሳለን በወባ ስለሞተ ያሳደገችን እናታችን ናት፤ ያውም ጠጅ እየጣለች። ጫካ ገብተው ማር የሚቆርጡ ሰዎች ከሸኮ በኩል ማሩን ይዘውላት ይመጣሉ። እሷ በቋንቋቸው ሰላም ትላቸዋለች፣ እነሱ በአማርኛ ይመልሱላታል፣ ዋጋ ላይ ሲደርሱ ሁሉም በየቋንቋው ይጮኻል። የፊት ለፊቱ ክፍል ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በአንደኛው ወገን ደንበኞቿ ብርሌያቸውን ይዘው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፣ በሌላኛው ወገን ታላቅ ወንድሜ ሬዲዮ ይጠግናል። የጠገነውን ሊሞክር ዜና ይከፍታል፣ ደንበኞቹ ጆሯቸውን ሲያቆሙ ደግሞ «ገና ነው» ብሎ ይፈታዋል፤ ስለዚህ እኛ ቤት ዜና ተጀምሮ አልቆ አያውቅም። እናቴ «ይሄ ልጅ መንግሥትን እንኳ በካቻቢቴ ያስቆማል» እያለች ትስቅ ነበር፤ ማን እንደሚሰማ ስለማይታወቅ ቀስ ብላ።

ወንድሜ ግትር ነበር። ጅማ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሙያ ተምሮ ሲመለስ ይዞ የመጣው ኤሌክትሪክ የምትለካ አንዲት ቴስተርና ይሄንኑ ግትርነቱን ነው። የተበላሸ ነገር ጠረጴዛው ላይ ካለ እህል አይቀምስም። ቆጮው ቀርቦለት ይደርቃል፣ ጎደሬው ይቀዘቅዛል፣ እሱ ሆዷ የተከፈተ ሬዲዮ ላይ አጎንብሶ «ምን ሆንሽብኝ?» ይላታል። እኔ እቀናባት ነበር፤ ለእኔ እንደዚያ ለስለስ ብሎ ተናግሮኝ አያውቅማ።

በቴፒ በኩል የነበረው የመንግሥት ቡና እርሻ አዳዲስ የናፍጣ መኪኖች የመጡለት በዚያን ሰሞን ነው። እነዚህ መኪኖች ከለመድናቸው አሮጌ ጂፖች የሚለዩት በአንዲት ነገር ነበር። ከኮፈኑ ሥር፣ ሞተሩ አጠገብ፣ የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል ጥቁር ሳጥን ነበረቻቸው። ሾፌሩ ቁልፍ ሲያዞር ሞተሩን ከመነሳቱ በፊት የምታሞቀው እሷ ናት፤ ናፍጣውን የምትለቅለት እሷ፣ ሲጠፋም የምትዘጋበት እሷ። እሷ ከታመመች መኪናው ወይ ጭራሹን አይነሳም፣ ወይ ዳገት መሐል ቀጥ ይላል። የሠሯት ሰዎች ብልሆች ናቸው፤ የኛን አገር ዝናብ ግን አላዩትም። እኛ ዘንድ አልጋ ሥር ያስቀመጡት ጫማ ሻጋታ ያበቅላል፤ ልብስ አጥቦ ማድረቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እርጥበቱ ሳጥኗ ውስጥ ገብቶ የውስጥ መስመሮቿን አረንጓዴ ዝገት አለበሳቸው፣ መኪኖቹም አንድ በአንድ መቆም ጀመሩ።

የእርሻው መካኒክ የታወቀ ባለሙያ ነበር፤ ሞተር በትኖ መልሶ ይገጥማል። ሳጥኗን ሲከፍታት ግን ያገኘው የሬዲዮ ሆድ ነው። «ይቺ የኔ አይደለችም፤ ሚዛን ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ውሰዷት» አለ። ይዘዋት የመጡት የእርሻው ሾፌር ነበሩ፤ ከጅማ በኩል የመጡ ሙስሊም ሽማግሌ፣ ጠጅ ቤት መግባት የማይሆንላቸው። ስለዚህ ከወንድሜ ጋር የሚያወሩት በመስኮት ነበር። ሳጥኗን በፎጣቸው ጠቅልለው በመስኮቱ አቀበሉትና «እስቲ ልጄ፣ ነፍስ ዝራባት» አሉት።

ወንድሜ ከጤነኛ መኪና ላይ ሌላ ሳጥን አስፈትቶ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፈታቸው። በቴስተሩ የጤነኛዋን አንድ ነጥብ ይነካል፣ ከዚያ የበሽተኛዋን ያንኑ ነጥብ ይነካል፣ የተለየ ነገር ካገኘ እዚያው ላይ ይቆማል። ዝገቱን በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ አጠበ። የተበሉትን መስመሮች ከአሮጌ ሽቦ በመዘዘው ቀጭን መዳብ ቀጠለ፤ መብራት የሚመጣው ሲመሽ ብቻ ስለነበር መበየጃውን የሚያግለው ከሰል ላይ ነው። ናፍጣውን ልቀቅ፣ ዝጋ ብላ የምታዘውን ዋናዋን ትራንዚስተር ከወዳቂ የድምፅ ማጉያ ነቅሎ ተካ። በዚህም አልበቃውም። «ይቺ የተቀመረችው ለሌላ አገር ነው፤ እንደ ጌጫ ያለውን የደጋ ብርድ አታውቅም» አለና ሞተሩን የምታሞቅበትን ጊዜ የሚወስነውን ሬዚስተር በሌላ ለወጠው፤ ትዕግሥቷን አረዘመላት። መኪናዋ ተነሳች።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ እርጥበቱ ተመልሶ እንዳይገባ ምን ይደረግ የሚል ነበር። መልሱን የሰጠችው እናቴ ናት። ከጠጁ የሚወጣውን ሰፈፍ ቀቅላ፣ አጥልላ፣ ቢጫ ሰም ታወጣ ነበር፤ እንስራዋም ጋኗም ሲያንጠባጥብ የምትደፍነው በሱ ነው። «ውሃ የማያልፈው ነገር እኔ ከሰም ሌላ አላውቅም» አለችው። አቅልጣ ሰጠችው፣ እሱም ሳጥኗ እስክትሞላ አፈሰሰባት። እኛ አገር የሚያፈስ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ሰም ነበር፤ ማንም ቢሆን ያንኑ ነበር የሚያደርገው። ሽማግሌው ሾፌር ከጥቂት ቀን በኋላ በመስኮቱ ብቅ ብለው «መኪናዬ ማር ማር ትሸታለች፤ ንብ ሁሉ ተከትሎኝ ቴፒ እንዳይገባ!» ብለው አሳቁን።

ሳጥኖቹ እርጥበቱን ቻሉ። ግን ጥቂት ወር እየቆዩ ይመለሱ ጀመር፤ ያቺው ዋናዋ ትራንዚስተር ተቃጥላ። ወንድሜ ከወዳቂ ዕቃ የነቀላቸው ትራንዚስተሮች ላይ አላከከው። ያረጁ ናቸው፣ ጉልበት የላቸውም አለ። ሰሙን አቅልጦ ያወጣል፣ ትራንዚስተር ይለውጣል፣ መልሶ ሰም ያፈሳል። የእርሻው መኪኖች ብዙ ስለነበሩ ከነሱ አንዱ ደጃችን ሳይቆም የሚውልበት ቀን ጥቂት ነበር።

ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው። ቀበሌው ይህን ያህል ወጣት አምጣ ይባላል፤ ሊቀመንበሩ ቤት ለቤት ዞሮ ይመዘግባል፤ ወጣቶቹ ተጭነው ወደ ጅማ፣ ከዚያ ወደ ማሠልጠኛ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። የተመለሰ ገና አላየንም ነበር። ወንድሜ ዕድሜውም ቁመናውም ልክ እነሱ የሚፈልጉት ነው። በመጀመሪያው ዙር ስሙ ሲጠራ እናቴ ጋኑ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ጋኑን እንዳቀፈች አመሸች። ያተረፈን የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ነው። ቀበሌ ድረስ መጥቶ «ይሄን ልጅ ከወሰዳችሁብኝ መኪኖቼ ይቆማሉ፤ ቡናው ጫካ ውስጥ ይቀራል» አላቸው። ቡና የውጭ ምንዛሪ ነው፤ በዚያን ጊዜ ይሄን ሰምቶ የሚከራከር ካድሬ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ወንድሜን አለፈው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ደጃችን የቆመ መኪና ስታይ ፊቷ ይፈታ ነበር። ጠዋት በሩን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው መንገዱን ነው። መኪና ካለ «እሰይ» ትላለች፤ ሾፌሩ በብስጭት እየተራገመ እሷ «እሰይ» ትላለች።

የጎረቤታችን ልጅ ግን ሄደ። ጎረቤታችን ጴንጤ ነበረች፤ ጠጅ አትቀምስም፤ ይሁን እንጂ ከእናቴ ጋር አጥር ላይ ተደግፈው ያላወሩት ነገር አልነበረም። ልጇ ከሄደ በኋላ አንድ ቀን ደጃችን የቆመውን መኪና አየት አድርጋ «የናንተን ልጅ መኪና ይጠብቅላችኋል። የኔን ጌታ ይጠብቅልኝ እንጂ ሌላ ምን አለኝ» አለች። በክፋት አልነበረም። እናቴ ወደ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ለጎረቤቷ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም።

ወንድሜ እውነቱን ያገኘው አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ሽማግሌው ሾፌር ለሠራተኛው እህል ሊያመጡ ጌጫ ሄደው ሲመለሱ መኪናዋ መንተፋተፍ ጀምራባቸው፣ ሞተሩ ሳይበርድ ነበር ደጃችን ያደረሷት። ወንድሜ ወጥቶ ሳጥኗን እዚያው ፈታት። ከዚያ በፊት እጁ የገቡት ሳጥኖች ሁሉ ውለው አድረው፣ ቀዝቅዘው ነበር የሚመጡት። ይቺን ሲከፍታት ሰሙ ለስልሶ ጣቱ ላይ ተጣበቀ፤ ከሰሙ ሥር ያለችው ትራንዚስተር ግን አታስነካም። ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ትራንዚስተር ሲሠራ ይሞቃል፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በጀርባው ባለው ብረት ነው፤ ያ ብረት አየር ካላገኘ ራሱን ያቃጥላል። ወንድሜ ይሄን አሳምሮ ያውቃል። ሰሙ እርጥበቱን ሲከላከልለት ሙቀቱንም እዚያው አፍኖ እንደሚያስቀረው ግን አላሰበውም።

ገብቶ ቁጭ አለና «ሰሙ ነው» አለ።

እናቴ ጎመን እያወጣች ነበር። «ምኑ ነው ሰሙ?»

«የሚያቃጥላቸው። አየር ነሳናቸው። እስከዛሬ እኔው ነኝ ሳቃጥላቸው የኖርኩት።»

ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ተወችው። «ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። አሁን ነው ያወቅሁት።»

«እንግዲያው ለማንም አትናገር።»

«እማዬ፣ መፍትሔ አለውኮ። ከሰሙ ካወጣኋት፣ ከጀርባዋ ብረት ካደረግሁላት፣ ሳጥኗን ከሞተሩ አርቄ ሾፌሩ እግር ዘንድ ካሰርኳት አለቀ። ዓመት ቢሄዱ አይነኳትም።»

«ዓመት ካልነኳት አንተን ማን ይፈልግሃል?»

ወንድሜ የተቃጠለ ጣቱን አየ። እኔም እጄን ቆጮው ላይ እንዳደረግሁ ቀረሁ። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሕፃን እንደምታባብል ሆና ቀጠለች። «መኪና ቢቆም ይገፋል፤ ቢበዛ ጭቃ ውስጥ ያድራል። አንተ ከሄድክ ማን ገፍቶ ያመጣልኛል? ዝም በል። ሰሙን አፍስስባቸው። እኔ እስካለሁ ድረስ ሰም አላሳጣህም።»

እኔ ከእናቴ ጋር ነበርኩ። አሁንም ነኝ። ስለ ሥራ ክብር ሊነግሩኝ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ፤ ከነዚህ አንዱም ወንድሙን በመኪና ጭኖ የሸኘ አይመስለኝም። የዚያን ቀን ወንድሜ ምሳውን ሳይበላ ተነስቶ ሰሙን አቀለጠ፣ አዲስ ትራንዚስተር በየደ፣ መልሶ አፈሰሰባት። ሽማግሌው ሾፌር በመስኮቱ ሲያመሰግኑት ቀና ብሎ አላያቸውም።

የዚያ ዓመት የቡና ለቀማ ወራት እንደዚያ አለፈ። መኪኖቹ ይሄዳሉ፣ ይቃጠላሉ፣ ይመጣሉ። ሁለተኛ ዙር ምልመላ መጣ፣ ሥራ አስኪያጁ የዱሮውን ቃል ደገመ፣ ወንድሜ ቀረ። ቤታችን ግን ቤት አልነበረም። ከሬዲዮዎቹ ጋር ማውራቱን ተወ። እናቴ ስትቀልድ አይስቅም፤ እኔ ስነዘንዘው እንኳ አይመልስልኝም፤ መልስ የማያጣ ሰው ነበር። ሰም በቀለጠ ቁጥር ሽታው እስኪወጣ ድረስ ደጅ ይቆማል። አንድ ጊዜ «ታመሃል እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው «ሥራዬን ነው የታመምኩት» አለኝና ሄደ። ምን ማለቱ እንደሆነ ልረዳ አልፈለግሁም። በሕይወት አለ፣ እዚህ አለ፣ ሌላው ሌላው ይድረስ ብዬ ነበር የማስበው።

ለቀማው ሊያበቃ ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ሽማግሌው ሾፌር ከሰዓት በኋላ በእግራቸው መጡ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ቀይ ጭቃ ነው። ከእርሻው አንዲት ቡና ለቃሚ ምጥ ጠንቶባት፣ አማን ሐኪም ቤት ሊያደርሷት ጭነዋት ሲመጡ፣ ዳገቱ መሐል ሳጥኗ ተቃጠለች። ዝናብ ነበር። ከለቃሚዎቹ ጥቂቶቹ አብረው ስለነበሩ ቅርንጫፍ ቆርጠው ቃሬዛ ሠሩ፣ በነጠላና በጆንያ ሸፍነው ተሸከሟት። ሴትየዋ ተርፋለች። ልጁ ግን መንገድ ላይ ተወልዶ መንገድ ላይ ሞተ።

ይሄን ሁሉ የነገሩን በመስኮቱ ቆመው ነው፤ ማንንም ሳይወቅሱ፣ እያረፉ። ሲጨርሱ ሳጥኗን ከኪሳቸው አውጥተው ለወንድሜ አቀበሉት። «ተቃጠለችብኝ ልጄ። ምን ታደርገዋለህ፣ ዕቃ ነው። አንተ ባትኖር እስከዛሬም ባልሄደች። አላህ ዕድሜህን ያርዝምልኝ» አሉት።

ወንድሜ ሳጥኗን ይዞ ቀረ። ቢሰድቡት ኖሮ ይሻለው ነበር። ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ ወደ ጓዳ ገብቶ የእናቴን ትልቁን የአልሙኒየም ድስት ክዳን አነሳ፤ ወደ ጠረጴዛው ወስዶ በመቀስና በመዶሻ ይቆራርጠው ጀመር። እናቴ ሁሉንም ከጓዳ ሆና ሰምታለች። የሴትየዋንም፣ የሕፃኑንም። ወጡ እሳት ላይ ስለነበር ኮባ ቅጠል ቆርጣ መጥታ ድስቱን በሱ ከደነችው። «ክዳኔን» እንኳ አላለችም።

ወንድሜ ሰሙን ከሳጥኗ ፍቆ አወጣ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ በቤንዚን አጠበ። ትራንዚስተሯን ከሳጥኗ ጀርባ፣ ከቆረጠው አልሙኒየም ጋር በብሎን አጥብቆ ውጭ አወጣት፤ አየር እንዲያገኛት። የቀረውን መስመር ከአናጺ ቤት ባመጣው ቫርኒሽ ስስ አድርጎ ቀባው፤ እርጥበቱን ለመከላከል ያ በቂ ነበር። ከዚያ ሽቦውን አርዝሞ ሳጥኗ ከሞተሩ ዘንድ ወጥታ መሪው ሥር፣ ደረቅ ቦታ፣ እንድትታሰር አደረገ። ክዳኑ ለጥቂት ሳጥኖች ብቻ ነበር የሚበቃው። በማግሥቱ ጠዋት እናቴ ሌላውን የድስት ክዳን ራሷ ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ወንድሜ ቀና ብሎ «እማዬ» አላት። እሷ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ጋኗ ተመለሰች። ከእናቴ ጋር ባሳለፍኩት ዘመን ሁሉ ከዚያ የሚበልጥ ነገር ስታደርግ አላየሁም፤ የዚያን ዕለት ግን ክዳኑን ከእጇ ነጥቄ ወንዝ ብጥለው ደስ ባለኝ።

ከዚያ ወደ እርሻው ሄዶ ሁሉንም መኪኖች እንደዚያው አደረጋቸው። መካኒኩን አጠገቡ አቁሞ እያንዳንዷን ነገር አሳየው፤ እሱ በሌለበት ደግሞ እንዲሠራት እጁን ይዞ አስበየደው። ሥራ አስኪያጁ ተደስቶ አንድ ጆንያ ቡና ላከልን። እናቴ ጆንያውን ሳትፈታው ጥግ ላይ አቆመችው።

መኪኖቹ ቀሩ። በፊታችን ሲያልፉ እናያቸዋለን፤ ሽማግሌው ጡሩምባ ያሰሙናል፣ እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ አይቆሙም። እናቴ ጠዋት በሩን ስትከፍት መንገዱን ታያለች፣ ከዚያ ትገባለች። ወንድሜ ብቻ ነበር በዚያ ሰሞን ደህና የሆነው። መብላት ጀመረ። ከሬዲዮዎቹ ጋር ማውራት ጀመረ። እኔንም እንደ ዱሮው «አንቺ ምላሳም» እያለ ይሰድበኝ ጀመር። እሱ ሲስቅ እኔ አኮርፍ ነበር፤ ምን ያስቀዋል ብዬ።

የሚቀጥለው ዙር ሲደርስ ሊቀመንበሩ በጠራራ ፀሐይ ቤታችን መጣ። የእናቴ የድሮ ደንበኛ ነው። ብርሌ ቀረበለት፣ አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርጎ አስቀመጠውና ወደ መንገዱ አየ።

«እትዬ፣ መኪኖቹ አይመጡም አይደል?»

«ይመጣሉ» አለች እናቴ። «ሰሞኑን ነው የቀሩት።»

«እኔምኮ በዚሁ ሠፈር ነኝ፤ አያለሁ» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁ ውስጥ ሀፍረት ነበር። «የቀበሌው ቁጥር አልሞላልኝም። የእህቴን ልጅ እንኳ ሰጥቻለሁ፤ ያውቃሉ።» ጠጁን ሳይጨርስ ወጣ።

እናቴ በእግሯ ጭቃውን እየረገጠች ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄደች። ሰውየውም ሞከረ፤ ሊወቀስ አይገባውም። ቀበሌ መጥቶ «ያስፈልገኛል» አለ። «ለመጨረሻ ጊዜ መኪና የላክህለት መቼ ነው?» ብለው ሲጠይቁት ግን የሚጠራው የቅርብ ቀን አልነበረውም። መኪኖቹ ደህና መሆናቸውን ከተማው ሁሉ ያያል።

የሚሄዱበት ቀን ጠዋት ካፊያ ነበር። ወጣቶቹን ጅማ ድረስ የሚያደርሱ መኪኖች እርሻው እንዲሰጥ ታዞ፣ ከቀበሌው ፊት ለፊት የቆመችው የሽማግሌው መኪና ሆና ተገኘች። ሽማግሌው ወንድሜን ከተሳፋሪዎቹ መሐል ሲያዩት ከመኪናቸው ወርደው አቀፉት። ወንድሜ ከኋላ ከሌሎቹ ጋር ተቀመጠ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የእናቴን ጋቢ ለብሶ። እናቶች ያለቅሳሉ። እናቴ አላለቀሰችም። በሰው መሐል አልፋ ሄዳ እጇን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች፣ እዚያው ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ምን እንደምትል ሳልሰማ አውቄያለሁ፣ ምክንያቱም እኔም ያንኑ እያልኩ ነበር። አትነሳ። ዛሬ ብቻ አትነሳ። ትቃጠል።

ሽማግሌው መሪውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ ቁልፉን አይነኩም። ሊቀመንበሩ መጥቶ በመስኮቱ «አባባ፣ ይሂዱ እንጂ» አላቸው። እሳቸውም ቁልፉን አዞሩ። ሳጥኗ ሞተሩን የምታሞቅበት ጊዜ አለ፤ ወንድሜ ያረዘመው ጊዜ። ያኔ ምንም ድምፅ የለም፤ ካፊያው ብቻ ኮፈኑ ላይ ይሰማል። የእናቴን እጅ እያየሁ ነበር። ከዚያ ሞተሩ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይንተፋተፍ፣ ንጹሕ ሆኖ ተነሳ።

ወንድሜ ቀና አለ። እስከዚያ ድረስ የደፋውን አንገት አቅንቶ ድምፁን አዳመጠና ፈገግ አለ። ሳያስበው ነው፤ ሥራው ሲሠራ ሰምቶ ነው። ዐይኑ እናቴን ፈለገ፣ አገኛት፣ «ሰማሽ?» እንደሚላት ዓይነት። እናቴ እጇን ከኮፈኑ ላይ አነሳች፣ መኪናዋም ሄደች።

አንድ ጊዜ በሰው ሰላምታ ደረሰን፤ ከዚያ ምንም። መንግሥት ሲለወጥ ወታደሮቹ ባዶ እግራቸውን በጅማ መንገድ ይመለሱ ጀመር። እናቴ እያንዳንዱን እያስቆመች ውሃ እያጠጣች ትጠይቃለች። የጎረቤታችን ልጅ እያነከሰ ተመለሰ። እናቱ የዚያኑ ዕለት እልልታዋን ዋጥ አድርጋ መጥታ ከእናቴ ጎን ተቀምጣ ዋለች። የኛን ያየው አልነበረም። አልሞተም የሚል የለም፣ ሞቷል የሚልም የለም፤ ስለዚህ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጥንለትም።

እናቴ እስክትሞት ድረስ የምትጠይቀኝ ነገር አንድ ነበር። ሥራ ላይ ሆና፣ ድንገት፣ «አንቺም አይተሻል አይደል? ስቋል አይደል?» ትለኛለች።

«ስቋል» እላታለሁ።

«እኔ እኮ እንዳትነሳ ነበር እግዜርን የምለምነው። ልጄ በሥራው ሲደሰት እኔ ሥራው እንዲበላሽበት እለምን ነበር።»

«እኔም ለምኛለሁ፣ እማዬ።»

ትንሽ ቆይታ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርግና «ጎበዝ ነው ልጄ» ትላለች።